የሐኪም መስመር አይቆረጥም!

በምርጫ ማኒፌስቷችን የጤና ምዕራፍ ውስጥ ከገባናቸው ቃል ኪዳኖች አንዱ እያንዳንዱ ዜጋ ሐኪምን በስልክ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ባለሙያዎች ቴሌሜዲሲን ይሉታል፤ በአማርኛ የርቀት ሕክምና ልንለው እንችላለን። ይህን ሐሳብ በየስብሰባው ስናቀርብ፣ «ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ከተማ የስልክ ሐኪም ቅንጦት አይደለም ወይ?» ብለው የሚጠይቁን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ራሴ ካየሁት ከአንድ ሌሊት ልጀምር።

አንድ ሌሊት

ልጄ የምትኖረው ከከተማው ዳር በተሠራ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። የስምንት ወር ሕፃኗን ከምሽት ጀምሮ ያስቀምጣታል፣ ያስመልሳታል። በሰፈሩ በዚያ ሰዓት የሚጠይቁት ባለሙያ አልተገኘም። በተጠየቅነው ዋጋ ኮንትራት ታክሲ ይዘን ወደ አንድ ሆስፒታል ሄድን። ካርድ አወጣን፣ ወረፋ ያዝን፣ ቆመን አነጋን።

ተራችን ሲደርስ ሐኪሟ አራት ነገር ጠየቀች። ጡት ትጠባለች? የሚያስመልሳት የወሰደችውን ሁሉ ነው? ስታለቅስ እንባ ይወርዳታል? ሽንት ሸንታለች? ሕፃኗን አየት አደረገቻትና ኦ.አር.ኤስ. በማንኪያ ቶሎ ቶሎ እንድንሰጣት፣ ጡት እንዳይቋረጥ፣ ዚንክ ደግሞ ከ10 እስከ 14 ቀን እንድትወስድ አዘዘች። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ መጥባት ካቆመች ወይም ከፈዘዘች ሳንውል ሳናድር እንድንመልሳት አስጠነቀቀችን። ምርመራው አምስት ደቂቃ አልሞላም። ሕፃኗም በሦስተኛው ቀን ዳነች።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ የታክሲው ብር አይደለም። ከጎናችን ደረቱን በእጁ ይዞ ግድግዳ የተደገፈ ጎልማሳ ነበር። ሐኪሟ አንዲት ብቻ ነበረች። ፊት ለፊቱ ሳል፣ ጉንፋንና ተቅማጥ ይዘን የተሰለፍን ሰዎች ሁሉ በስልክ ልንጠይቀው የምንችለውን ጥያቄ ይዘን ወረፋውን ሞልተነዋል። እሱ ግን በስልክ የማይታከም ሰው ነበር። የእኛ ተራ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ምን እንደደረሰበት አላወቅሁም።

ክቡራን መራጮች፤ የስልክ ሐኪም ቅንጦት ነው ለሚሉ መልሳችን ይህ ሰው ነው። እቤቱ ሆኖ ምክር ሊያገኝ የሚችል ሰው እቤቱ ቢታከም፣ ሆስፒታሉ ሆስፒታል ለሚያስፈልገው ሰው ይተርፋል።

የምንናገረው ስለየትኛው ሕመም ነው?

የርቀት ሕክምና ለሁሉም በሽታ መፍትሔ ነው የሚል ካለ ይዋሻል። እኛ የምንናገረው ስለ አጣዳፊና የአጭር ጊዜ ሕመሞች ነው። በድንገት የሚጀምሩ፣ በጊዜ ከተያዙ በቀናት ውስጥ የሚድኑ፣ ችላ ከተባሉ ግን የሚከፉ ናቸው። የሕፃን ተቅማጥ፣ ጉንፋንና ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የዓይን መቅላት፣ የሽንት ቧንቧ ማቃጠል፣ የቆዳ ሽፍታና ትኩሳት ከእነዚህ መካከል ይቆጠራሉ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

በእነዚህ ሕመሞች ላይ ሐኪሙ ከሚወስነው ብዙው የሚገኘው በመጠየቅና በማዳመጥ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሳል የያዘው ሕፃን የሳንባ ምች ይዞት እንደሆነ ለመጠርጠር በየጤና ጣቢያው የሚሠራበት መለኪያ ትንፋሹን ለአንድ ደቂቃ መቁጠር ነው። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ባለው ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ባለው ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። እናት ልጇን ታቅፋ፣ ነርስ በስልክ ሰዓት ይዛላት ይህን መቁጠር ትችላለች። መጠጣት ወይም መጥባት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልሰው፣ ያንቀጠቀጠው ወይም ራሱን የሳተ ልጅ ደግሞ በስልክ አይታከምም፤ በስልክ የሚነገረው ቃል «አሁኑኑ ተነሡ» የሚለው ብቻ ነው።

ደረቱን የሚጨመድደው፣ ፊቱ በአንድ ወገን የተጣመመበት፣ ደም የሚፈሳት ነፍሰ ጡር፣ የመኪና አደጋ የደረሰበት ሰው አምቡላንስ እንጂ ምክር አያስፈልገውም። ስለዚህ ጥሩ የስልክ ሐኪም ሁለት ሥራ አለው። በቤት የሚታከመውን በቤት ያክማል፣ በቤት መቆየት የማይገባውን ደግሞ ሳይዘገይ ያስነሣል። ዛሬ ይህን የሚለይልን ማን ነው? የጎረቤት ግምትና የመድኃኒት ቤት መስኮት ነው። ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ሁለት ቀን ውጦ የሚያቋርጠው ሰው ስንት እንደሆነ እያንዳንዳችን ከቤታችን እናውቀዋለን። መድኃኒቱን የተላመደ ተሕዋስ እየፈጠርን ያለነው በዚህ መንገድ ነው።

ገዢዎቻችን አላወቅንም ሊሉ አይችሉም

የርቀት ሕክምና ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጥቁር አንበሳን ከሌሎች ሆስፒታሎች ጋር የማገናኘት ሙከራ ተጀምሮ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የሕንድ መንግሥት ለአፍሪካ ባቀረበው የቴሌኮም መረብ የሙከራ ፕሮጀክት፣ ጥቁር አንበሳና የነቀምቴ ሆስፒታል ሃይደራባድ ከተማ ካለ ሆስፒታል ጋር በሳተላይት ተገናኙ። 952 የኤች.አይ.ቪ. ነፃ የምክር መስመር ሆኖ ስንቱን ወጣት ከጭንቀት እንዳሳረፈ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ መንግሥት ራሱ 8335ን ከፍቶ «ምልክት ካያችሁ ደውሉ» አለን፤ ደወልን፣ ሠራም።

እንግዲህ ከ20 ዓመት በላይ ሙከራ ላይ ነን። እርዳታ ሲመጣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ የእርዳታው ዘመን ሲያበቃ መሣሪያው አቧራ ይለብሳል። ዛሬ በቪዲዮ ሐኪም የሚያገናኙ የግል አገልግሎቶች አሉ፤ ጥሩ ነው፣ ይብዙ። ነገር ግን ስማርት ስልክና የአገልግሎት ክፍያ ላለው ሰው ናቸው። የጉልት ነጋዴዋ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጡረተኛው ከመስመሩ ውጭ ናቸው።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። የርቀት ሕክምና የሚቆመው በስልክ መስመር ላይ ነው። በአገራችን የስልክ መስመር ደግሞ ገዢው ሲከፋው የሚቆርጠው ገመድ ሆኖ ኖሯል። በ1997 ዓ.ም. ከተካሄደው ምርጫ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ነቀምቴ በምትገኝበት በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተዘጋ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር፣ የእነዚያ አካባቢዎች ሕዝብ ዜናውን የሚሰማበት፣ «ደውሉ» የተባለበትን ቁጥር የሚደውልበት መስመር አልነበረውም። የተከፈተለት መጋቢት ሊያልቅ ሲል ነው። በዚያው ዓመት ከሰኔ 23 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ጠፋ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትግራይ፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አማራ ክልል ተራቸው ደረሰ።

በ1999 ዓ.ም. ነቀምቴን ከሃይደራባድ ጋር ያገናኘች አገር፣ በ2012 ዓ.ም. ቄለምን ከነቀምቴ ቆረጠች። በመካከሉ ገዢው ፓርቲ ስሙን ቀይሯል። መስመር የመቁረጥ ልማዱ ግን አልተቀየረም። በመሆኑም ችግሩ የቴክኖሎጂ እጥረት ነው የሚለውን አንቀበልም። ችግሩ የሥልጣን ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

እኔ የሕግ ሰው ነኝና ነገሩን በሕግ ዓይን ልየው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 3 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች ዜጎች ሁሉ በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ይጥልበታል። አንቀጽ 26 በስልክ የሚደረግን ግንኙነት አይደፈሬነት ያረጋግጣል። እነዚህ ሦስቱ ድንጋጌዎች አንድ ላይ ሲነበቡ ነፃ፣ እኩልና ምሥጢሩ የተጠበቀ የሐኪም መስመር ይወጣቸዋል።

ሐኪሞች ደግሞ «በስልክ ተሳስቼ ቢሆንስ?» ብለው ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸው ተገቢ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በቁጥር 2031 እንደደነገገው፣ ባለሙያ ኃላፊ የሚሆነው የሙያውን ደንብ ሲጥስ ነው። እንግዲያው ጥያቄው አንድ ነው፤ የስልክ ሕክምና ደንብ ምንድን ነው? በስልክ የትኛው መድኃኒት ይታዘዛል፣ የትኛው አይታዘዝም? ሐኪሙ ምን መመዝገብ አለበት? መቼስ «በአካል ካላየሁህ አላክምህም» ማለት አለበት? ይህ እያንዳንዱ ሐኪምና እያንዳንዱ ዳኛ በሚያውቀው ግልጽ ሕግ ሲቀመጥ፣ ሐኪሙ ያለ ፍርሃት ያክማል፣ የተበደለውም በሽተኛ የሚከስበት ያገኛል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው መረጃ አድርጎታል። አዋጁ ግን በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር፣ የደዋዩ ሕመም ለደኅንነት መሥሪያ ቤትም ለአሠሪም ለነጋዴም እንደማይሰጥ የሚያረጋግጥ ገለልተኛ ተቆጣጣሪ ያስፈልገዋል።

ሁለት አገሮች፣ ሁለት ትምህርቶች

ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ባቢል የተባለ የስልክ ሕክምና አስገባች። ተራ የእጅ ስልክ ይበቃው ነበር። የደወለውን የአገሪቱ ነርስና ሐኪም ያናግረዋል፣ የመድኃኒት ማዘዣው በኮድ በአጭር መልእክት ይደርሰዋል፣ ክፍያውንም የጤና መድኑ ይጋራለታል። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። ነገር ግን አገልግሎቱ የአንድ የለንደን ኩባንያ ንብረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ኩባንያው ሲወድቅ የሩዋንዳው መስመርም አብሮ ተዘጋ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የሕዝብን ጤና በውጭ ነጋዴ ኪስ ውስጥ አታስቀምጥ።

ሕንድ ሌላ መንገድ ያዘች። እ.ኤ.አ. በ2019 መንግሥት ራሱ ኢ-ሳንጂቫኒ የተባለ ነፃ አገልግሎት ከፈተ። በሽተኛው ከቤቱ፣ ወይም በገጠር ጤና ኬላ ካለች ባለሙያ ዘንድ ሆኖ፣ በሩቅ ያለ ሐኪም ያገኛል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 ሐኪም በስልክና በቪዲዮ ምን ማዘዝ እንደሚችል፣ አደንዛዥ መድኃኒቶችን ግን ፈጽሞ ማዘዝ እንደማይችል የሚዘረዝር መመሪያ አወጣች። ከዚያ ወዲህ የተሰጠው ምክር ከ300 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ሕንድ ከእኛ የበለጠ ሀብታም ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ፕሮጀክት ሳይሆን ሥርዓት ስለሠራች ነው።

ብትመርጡን የምናደርገው

አንደኛ፤ ከየትኛውም ኩባንያ ሲም ካርድና ከማንኛውም ተራ ስልክ የሚሠራ፣ ቀንና ሌሊት የማይዘጋ፣ ለደዋዩ ነፃ የሆነ አንድ አጭር ቁጥር እንከፍታለን። ደዋዩን መጀመሪያ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ያነጋግረዋል፤ ሐኪም ካስፈለገ ሐኪሙ መልሶ ይደውላል። አገልግሎቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን ይሰጣል።

ሁለተኛ፤ መስመሩ ከአምቡላንስ ጋር ይያያዛል። ሐኪሙ «ተነሡ» ካለ፣ አምቡላንሱን የሚጠራው ሐኪሙ እንጂ የታማሚው ቤተሰብ አይሆንም። ከዚያ በኋላ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት አይኖርም።

ሦስተኛ፤ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሐኪሙ ዓይንና እጅ ይሆናሉ። የሙቀትና የደም ግፊት መለኪያ ይዘው ከታማሚው ቤት ሆነው ለሐኪሙ ያነባሉ።

አራተኛ፤ የርቀት ሕክምናን፣ የማዘዣን፣ የምሥጢር ጥበቃንና የባለሙያ ኃላፊነትን የሚደነግግ ዝርዝር ሕግ በመጀመሪያው የምክር ቤት ዓመት እናቀርባለን። ረቂቁን ለሐኪሞችና ለሕግ ባለሙያዎች ማኅበራት አስቀድመን እንሰጣለን።

አምስተኛ፤ ማንኛውም ባለሥልጣን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የስልክም ሆነ የኢንተርኔት መስመር እንዳይቆርጥ በሕግ እንከለክላለን። የሐኪምና የአምቡላንስ መስመር ግን በጦርነትም፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝም አይቆረጥም። የቆረጠ ባለሥልጣን በግሉ በወንጀል ይጠየቃል።

ስድስተኛ፤ ስንት ሰው ደወለ፣ ስንት ደቂቃ ጠበቀ፣ ስንቱ ወደ ሆስፒታል ተላከ፣ በስንቱስ ላይ ስሕተት ተሠራ የሚለውን በየሦስት ወሩ ለሕዝብ እናሳትማለን። ቁጥሩ መጥፎ ቢሆንም እናሳትመዋለን።

ሦስት ጥያቄዎች

ሐኪም ከየት ታመጣላችሁ? ይላሉ። እውነት ነው፣ በአገራችን ለ10 ሺህ ሰው ያለው አንድ ሐኪም ገደማ ነው። ሆኖም በዚህችው አገር ተመርቀው ሥራ ያጡ ወጣት ሐኪሞች አሉ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን ለቤት ኪራይና ለምግብ አይበቃም ብለው ሥራ ሲያቆሙ ያገኙት መልስ ምን ነበር? ብዙዎቹ ታሰሩ። እኛ ባለሙያውን በሌሊት ፈረቃ ተገቢውን ከፍለን እናሠራዋለን። ልጅ ወልዳ ቤት ያለች ሐኪም ከፈለገች ከቤቷ በፈረቃ ልትሠራ ትችላለች። አሜሪካ ያሉ ልጆቻችንስ? እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ምሽት ነው። ፈቃዳቸው በሥርዓት ተመዝግቦ፣ ከአገር ውስጥ ባልደረቦቻቸው ጋር ተጣምረው የሌሊቱን ተራ ይጋራሉ። ለአገራቸው እንዲሠሩ በር የተከፈተላቸው ቀን እንደሚመጡ አንጠራጠርም።

ገንዘቡስ? ይላሉ። በ2013 ዓ.ም. ለውጭ ባለሀብቶች ስብስብ በተሸጠው የቴሌኮም ፈቃድ ብቻ መንግሥት 850 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሏል። የሬዲዮ ሞገዱ የሕዝብ ሀብት ነው። ከሕዝብ ሞገድ ከሚገኘው ገቢ ለሐኪም መስመር የሚቆረጥ ድርሻ በሕግ እንወስናለን፤ የቴሌኮም ኩባንያዎችም ጥሪውን በነፃ ማስተላለፍ የፈቃዳቸው ግዴታ ይሆናል። የጤና መድን ያለው ሰው የስልክ ሕክምናውና የታዘዘለት መድኃኒት በመድኑ ይሸፈንለታል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከራሳችን ደጋፊዎች የመጣ ነው። «መንግሥት በስልክ ከሸኘን በኋላ ጤና ጣቢያ መሥራት ቢተውስ?» ይሉናል። ይህ ሥጋት እኛንም ያሳስበናል። ስለዚህ በግልጽ እንጽፈዋለን፤ የስልክ ሐኪም ለአንድም ጤና ጣቢያ፣ ለአንድም አልጋ ምትክ አይሆንም። ማንም ታማሚ ስልክ አልደወልክም ተብሎ ከበር አይመለስም። መስመሩ ወረፋውን ያቀላል እንጂ በሩን አይዘጋም። ይህን ቃል ካጠፍን ይህችን ወረቀት ይዛችሁ ጠይቁን።

ክቡራን መራጮች፤

በዚህ ምርጫ የምንጠይቃችሁ ተአምር እንድታምኑ አይደለም። አንዲት እናት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ስልኳን አንሥታ አንድ ሙያ ያለው ሰው «ልጅሽን እቀፊያት፣ ትንፋሿን አብረን እንቁጠር» የሚላት አገር እንዲኖረን ነው። ደረቱን የያዘው ጎልማሳም በሆስፒታሉ በር ሲገባ ሐኪሟን ሥራ ሳይበዛባት ያገኛታል።

እስከ ዛሬ ስልካችንን ሲፈልጉ የሚከፍቱት፣ ሲፈልጉ የሚዘጉት ሌሎች ነበሩ። የምርጫ ካርዳችሁን ግን ማንም አይዘጋባችሁም። በድምፃችሁ መስመሩን የሕዝብ አድርጉት።

የሐኪም መስመር አይቆረጥም!
ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ